ሲፒ ጸበል አይደለም

ካምፓላ፣ ኅዳር 12 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ለጋሼ መሸሻ፣
አዲስ አበባ፣ ጉለሌ

እንደምን ከርመዋል? ልጅዎ ያለምወርቅ፣ ታላቅ እህትዎ እትዬ ገንዘቤ፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉባት ጃንጥላ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ በእመቤታችን ጥበቃ ደህና ነኝ። እንዲያውም ከደህና ትንሽ አልፌያለሁ። ለምን እንደሆነ እንዲገባዎት ይህን ወረቀት ወደ ብርሃን ጠጋ አድርገው ይዩት። የማን እጅ ነው?

የእኔ ነው። የአለምዘውድ።

ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ለእናቴ የላክሁትን ደብዳቤ እዚህ ሌላ ሰው እየጻፈልኝ፣ እዚያ ደግሞ እርስዎ እያነበቡላት፣ እኔና እሷ በሁለት ወንድ ጉሮሮ ስናወራ ኖርን። ናፍቆቴን እንኳ የነገርኳት በእርስዎ ሳል ታጅቦ ነው። ነፍሷን ይማርና እሷ አላየችውም፤ እኔ ግን ጻፍኩ። አባትዎና እናቴ የአጎትና የአክስት ልጆች ስለሆኑ፣ ከቀረኝም ዘመድ ፊደል የሚያከብሩት እርስዎ ስለሆኑ የመጀመሪያው ይድረስዎት ብያለሁ።

ትምህርቱ የማታ ትምህርት ይባላል። ነገር ግን በኮሮናው ምክንያት ሞተሮቹ፣ እነ ቦዳ፣ ሳይመሽ ከመንገድ ውጡ ስለተባሉ ማታ የሚባለውን በቀን በዘጠኝ ሰዓት እንማረዋለን። የምታስተምረን ሳሌም የምትባል ልጅ ናት፤ በአባቷ ምግብ ቤት ጓሮ፣ በቢራ ሳጥን ላይ አስቀምጣ። አሥራ አንድ ተማሪዎች ነን። አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። አስያ፣ የወሎዋ ጨርቅ ነጋዴ፣ እኩል ነው የወጣነው ትላለች። እኩል አይደለንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሥራዬን ያውቁታል፤ ንሳምብያ ኮረብታ ላይ ባሉት የእንግዳ ማረፊያዎች አንሶላና መጋረጃ እተኩሳለሁ። እኔ በተኮስኩት አንሶላ ላይ ዝንብ ብታርፍ ትንሸራተታለች። ከምተኩስበት ጠረጴዛ ፊት ለፊት አንድ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ዓመቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ለሥዕሉ ብለው ነው ያላወረዱት። ሥዕሉ ላይ ከገደል ጫፍ ውኃ ይወርዳል፣ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ነጭ አንሶላ የዘረገፈው ይመስላል። አምስት ዓመት አየሁት። ከሥሩ የተጻፈውን ግን ለእኔ ብሎ የሚያነብልኝ ሰው አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሳሌም የእንግሊዝኛውን ፊደል ባስቆጠረችን በሦስተኛው ሳምንት ካውያዬን አቁሜ አነበብኩት። አራት ፊደል ናት፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ ዓይነት። ሲፒ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ፏፏቴው የእኔ ነው። ስለዚህ ልሄድ ነው።

ጠይቄያለሁ፦ በአውቶቡስ ወደ ምሥራቅ እስከ ምባሌ፣ ከዚያ በታክሲ ሽቅብ ወደ ተራራው። ፏፏቴው አንድ ሳይሆን ሦስት ነው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚወስድ የእግር መንገድ አለው፣ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ከዚህ አገር ያየሁት ሩቁ ቦታ እዚሁ ሐይቁ ዳር ያለው ፖርት ቤል ነው፤ እሱም ዓሣ ልገዛ። ከበጋው በኋላ ሳይሆን አይቀርም የምነሳው።

ከእርስዎ የምለምነው ነገር የለም። ብቻ ሲመልሱልኝ ለእኔ ብለው ይጻፉ። ከእንግዲህ መሀል ላይ የሚቆም ሰው የለም።

እህትዎ
አለምዘውድ (በገዛ እጄ)

*

አዲስ አበባ፣ ጥር 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለወይዘሮ አለምዘውድ፣
ካምፓላ

ጉዳዩ፦ ስለ ጤናሽ እውነቱን እንድትገልጪ ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ በቤተሰቡ ስም የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ በሰው አገር የጠበቀሽ አምላክ አሁንም አይለይሽ እላለሁ።

ደብዳቤሽ በገና ማግሥት ደርሶኛል። ዘመድ እኔ ቤት ተሰብስቦ ስለነበር እንደ ልማዴ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከገደል ወደሚወርደው ውኃ ልሄድ ነው የሚለው ላይ ስደርስ እትዬ ገንዘቤ ነጠላዋን ወደ አፏ ወስዳ «ምን አገኛት?» አለች። እኔም ከዚያ በኋላ ያለውን ማንበብ አቃተኝ።

እህቴ፣ እኛን ማሞኘት አያስፈልግም። በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ሥራዋን አስፈቅዳ፣ ከተማ ለቃ፣ ግማሽ አገር አቋርጣ ከሚወርድ ውኃ ዘንድ የምትሄድ ሴት የምትሄደው ለጸበል ነው። ሌላ ምክንያት በዘራችን ተሰምቶ አይታወቅም። የፊደሉንና የቀን መቁጠሪያውን ወሬ ያመጣሽው እኛን ላለማስደንገጥ እንደሆነ ገብቶናል። ስምሽ ለጸሎት ተሰጥቷል። እትዬ ገንዘቤ ሰባት ቀን ስግደት ይዛለች፤ ወገቧን ታውቂዋለሽ።

በመሆኑም በሽታው መቼ እንደጀመረሽ፣ ሐኪም ያለውም ካለ ወረቀቱን እንድትልኪ፣ ደግሞ እንጦጦን የመሰለ ጸበል በገዛ አገርሽ እያለ የባዕድ ውኃ የመረጥሽበትን ምክንያት እንድታስረጂ፣ ይህ እስኪጣራም ድረስ ጉዞው እንዲቆም በጥብቅ አሳስባለሁ።

ደብዳቤውን የጻፈልሽን ሰው ስምም ግለጪ። እጁ የተማሪ ነው፤ አሳቡ ግን መቼም የአንቺ ነው።

ከሰላምታ ጋር
መሸሻ

*

ካምፓላ፣ የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ መሸሻ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎት፤ ለእትዬ ገንዘቤ ወገብ ግን ለብቻው ይድረሰው። እባክዎ ስግደቱን ያስቁሟት። እኔ ጤነኛ ሆኜ እሷ በእኔ ሰበብ ብትታመም ያኔ ጸበል የምንሄደው ሁለታችንም ነን።

አልታመምኩም። አሁንም ልጻፈው፣ አልታመምኩም። ሐኪም ቤት የሄድኩት ለመጨረሻ ጊዜ ካውያ እጄን ሲያቃጥለኝ ነው፤ ወረቀት ከፈለጉ ጠባሳውን በእስክሪብቶ ከብቤ እልክልዎታለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ትንሽ ይሰማኛል። እሱም የሚሰማኝ ሰው ሲያየኝ ነው።

ጸበልን በጸበልነቱ አከብራለሁ። ሲያስፈልገኝ እሄዳለሁ፣ ጾሜም እሄዳለሁ። ሲፒ ግን ጸበል አይደለም። ታቦት የለውም፣ ቄስ የለውም፣ ማንም አልባረከውም። ተራራ ላይ ያለ ውኃ ነው፤ ይወድቃል፣ ያምራል። እኔ የምሄደው ላየው ነው። አይቼው ልመለስ። ይህ ነገር በዘራችን ተሰምቶ የማያውቅ ከሆነ እንግዲህ አሁን ተሰማ።

የጻፈልኝን ሰው ስም ጠይቀዋል። አለምዘውድ ትባላለች። ረጅም ናት፣ ቆንጆ ናት፣ ነገረኛ ናት። አድራሻዋ ከላይ አለ።

ዝግጅቱን ልንገርዎት። አስያ አብራኝ ልትሄድ ነው፤ እሷም ከሱቋ ወጥታ አታውቅም። ሁለታችን የእግር መንገዱን እንድንችለው እሁድ እሁድ ከገበያው ሥር ተነስተን ንሳምብያ ኮረብታ አናት ድረስ በእግራችን እንወጣለን። የመጀመሪያው ቀን ግማሽ ላይ ስንደርስ አንድ የቦዳ ልጅ ሞተሩን አዘገመና፣

«ጃጃ፣ ልውሰድሽ?» አለኝ። ጃጃ በእነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው።

«አያትህ ቤትህ ናት» አልኩት።

«እሺ የት ነው የምትሄጂው?»

«ሲፒ።»

ኮረብታውን አየ፣ እኔን አየ፣ አስያን አየ። «በዚህ በኩል አይደለም» አለ።

አስያ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች። እኔ ግን ዘለቅሁ። አሁን በስድስተኛው ሳምንት ሳንቀመጥ እንወጣለን። እሷ ሁለት ጊዜ ተቀምጣለች፤ በእኔ አይቆጠርም።

ቀኑ ተቆርጧል፦ ሰኔ 12። ዋናው ዝናብ ያልፍና ውኃው ሞልቶ ይቆየናል። ጫማም ገዝቻለሁ፣ ሶሉ እንደ ትራክተር ጎማ የተቦረቦረ። ፈቃድ እየጠየቅሁ አይደለም፤ እያሳወቅሁ ነው።

አለምዘውድ

*

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 23 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለወይዘሮ አለምዘውድ፣

ጉዳዩ፦ ተጨማሪ ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ሰላም ላንቺ ይሁን። መልሱ በመዘግየቱ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

አልታመምኩም ማለትሽን ለዘመድ አሰማሁ። እትዬ ገንዘቤ «የታመመ ሰው ነው አልታመምኩም የሚለው፤ ጤነኛማ ማን ጠየቀው?» ብላ ስግደቱን ወደ ሁለት ሱባዔ አሳድጋዋለች። ስለዚህ በዚህ ረገድ የጻፍሽው አልጠቀመም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ስለዚያ ውኃ የአገሩ ሰው ምን ይላል? ታጥቦበት የተሻለው አለ ይባላል? በተለይ ለዓይን ይሆናል የሚል ሰው ሰምተሽ እንደሆነ ጻፊልኝ። ለእኔ አይደለም። አንድ የማውቀው ሰው አለ።

ስትመልሺ ፊደልሽን አጉልተሽ ብትጽፊ መልካም ነው። ለአነባበብ ስለሚመች ነው።

መሸሻ

*

ካምፓላ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ መሸሻ፣

እግዚአብሔር ይመስገን እኔም አስያም አለን፤ ከተማው ግን ተዘግቷል። ሰኔ 12 ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው በበሽታው ምክንያት ከወረዳ ወደ ወረዳ መሄድ ተከለከለ። አውቶቡስ የለም። ሲፒ እዚያ ቀረ፣ እኔ እዚህ ቀረሁ፣ ጫማዬ አልጋዬ ሥር ቀረ።

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት «በቃ አምሮሽ ቀረ፣ ተይው» አሉኝ። እንግዳ ስለሌለ አንሶላ የለም። እኔ ግን ጫማዬን አጥልቄ የማረፊያውን ደረጃ ከምድር ቤት እስከ ሰገነት በቀን አሥራ አምስት ጊዜ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ዘበኛው የመጀመሪያ ቀን ሌባ አሳዳጅ መሰልኩት። አሁን ይቆጥርልኛል። በሽታው ወረዳውን ይዝጋ፤ ደረጃውን አልዘጋብኝም። ውኃው እንደሆነ ከአዳምም በፊት ሲወርድ ኖሯል፣ ስድስት ወር ይጠብቀኛል።

ለዚያ ለሚያውቁት ሰው እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ፤ ጠይቄያለሁ። ከዚያ አገር የመጣች የጽዳት ሠራተኛ አለች፤ እዚያው ነው ተወልዳ ያደገችው። «ለዓይን ይሆናል ወይ?» ስላት «ለእግር ይሆናል፣ ጭቃ ያስለቅቃል» አለችኝ። ዓይኑን የሚያመው ሰው ዓይን ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ከማሳረጌ በፊት አንድ ጨዋታ ላምጣ፣ አይቀየሙኝ። የግንቦቱ ደብዳቤዎ መስመሩን ስቷል። ሁለተኛው መስመር አንደኛውን ሊስመው ይወጣል፤ ፊርማዎ ደግሞ ከወረቀቱ ወድቆ ሊሰበር ነው። አርባ አንድ ዓመት ማመልከቻ የጻፈ እጅ ምን ነካው? ሳሌም ብታየው በቀይ እስክሪብቶ ታለብሰዋለች። ስለዚህ ለጀማሪዎች የምትሰጠንን ካርቶን ልኬልዎታለሁ። እንደ መስኮት አሥር ቦታ ተቀዷል፤ ወረቀቱ ላይ ያስቀምጡና በየመስኮቱ ውስጥ ይጽፋሉ፣ እጅ የትም አይሄድም። እኔ አድጌ ትቼዋለሁ። እርስዎ ቀስ ብለው ያድጉ።

ታዛዥዎ (በጨዋታ ነው)
አለምዘውድ

*

አዲስ አበባ፣ ጥር 2 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለወይዘሮ አለምዘውድ፣

ጉዳዩ፦ ሳይገለጽ ስለቆየ ነገር

ይህን የምትጽፈው ልጄ ያለምወርቅ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ስድስት ወር ዝም ያልኩት ቃላት አጥቼ አይደለም።

አንድ የማውቀው ሰው ያልኩሽ እኔ ነኝ። የዓይን ግፊት ነው። የግራው ሄዷል። በቀኙ በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ሆኛለሁ፤ መሀሉን አያለሁ፣ ዳሩን አላይም። ባለፈው ሰኔ የመሬት ጉዳይ ላላት አንዲት ሴት ማመልከቻ ጻፍኩላት። መዝገብ ቤት አይነበብም ብለው መለሱላት። ሁለተኛውን መስመር በአንደኛው ላይ ደርቤ ጽፌዋለሁ። ሴትዮዋ ወረቀቱን ይዛ ጃንጥላዬ ሥር ቆመች፣ አልተቆጣችም፤ እሱ ነው የገደለኝ። ጃንጥላዬን አጥፌ ቤቴ ገባሁ። ለዘመድ ጡረታ ወጣሁ አልኩ። ከያለምወርቅ በቀር የሚያውቅ የለም።

የቀይ እስክሪብቶውን ጨዋታ ያነበበችልኝ እሷ ናት። ካርቶንሽ የት እንደገባ አላውቅም።

(አልጋው ሥር ነው። በተነበበለት ዕለት ወርውሮታል። ያለምወርቅ)

ሐኪሙ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ግን በየቀኑ ጠብታ ካደረግህ እናቆየዋለን አለኝ። አንቺ ወደ ውኃው የምትሄጂ ከሆነ ግን ተስፋዬ በዚያ ነው። ውኃው ከመድኃኒት ጋር እንዳይጋጭ ብዬ ጠብታውን ካቆምኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ።

(ለምኜዋለሁ፣ አይሰማኝም። አንቺን ሊሰማ ይችላል። ያ.)

ስለዚህ ቀደም ሲል በጉዞሽ ላይ ያቀረብኩትን ተቃውሞ አንስቼ ፈቅጃለሁ። መንገዱ መከፈቱን ሰምቻለሁ። አንድ ጠርሙስ ውኃ ቀድተሽ ላኪልኝ። ብቻ በሥርዓቱ ይሁን፤ ጾመሽ፣ ነጭ ለብሰሽ፣ ሳትስቂ ሂጂ። ያቺ ጓደኛሽ ጥሩ ሰው ትሆናለች፣ ግን የእኛ እምነት ሰው አይደለችምና ለዚህ ጉዞ ትቅር።

(«ሳትስቂ» የሚለውን አስምሪበት ብሎኛል። አስምሬበታለሁ። ያ.)

መሸሻ

*

ካምፓላ፣ የካቲት 15 ቀን 2014 ዓ.ም.

ያለምወርቅ፣ ይህን ለአባትሽ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ምንም አትዝለዪ። ከተቆጣ ቆም በይ፣ ይጨርስ፣ ከዚያ ቀጥዪ።

ለምወድዎት ለጋሼ መሸሻ፣

ደብዳቤዎን አስያ ሱቅ ውስጥ፣ ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ስለ ዓይንዎ፣ ስለ ሴትዮዋና ስለ ጃንጥላዋ አነበብኩና በራሴ አፈርኩ። ለቀይ እስክሪብቶው ይቅር ይበሉኝ። ዘመዴ ላይ የሳቅሁት ፊደል ባወቅሁ ማግሥት ነው፤ ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ ከመጻፌ በፊት እጄን እቆርጠው ነበር።

በሁለተኛው ንባብ ግን «ፈቅጃለሁ» የሚለው ላይ ደረስኩ። እዚህ ላይ ይቅርታው አልቋል።

ፈቃድዎን ማን ጠየቀ? ሲከለክሉኝ የእኔ ብቻ የነበረ ጉዞ ሲፈቅዱልኝ የእርስዎ ሊሆን ነው? ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የሰው መኝታ አለሰለስኩ። ለራሴ ብዬ የሄድኩበት አንድ ቦታ የለኝም። አንድ ይኑረኝ ብዬ ነው። በጾም አልሄድኩም፤ ምባሌ ስንወርድ መንገድ ዳር ቂጣ በእንቁላል ተጠቅልሎ ይሸጣል፣ ሮሌክስ ይሉታል፣ ሁለት በላሁ። ነጭ አልለበስኩም፤ ጭቃ ነው። ሳቅሁ። ከአስያ ጋር ሄድኩ። ስለ እርስዎ ዓይን ስነግራት መንገድ ላይ መኪናው ውስጥ ከእኔ በፊት ዱዓ ያደረገችልዎት እሷ ናት። ትቅር ያሏት ሴትዮ ማለት ናት።

የሄድነው ቅዳሜ፣ የካቲት 12 ነው። አሁን ያየሁትን ልንገርዎት።

መንገዱ በሙዝና በቡና ተክል መሀል ይሄዳል፤ ሙዙ ማቶኬ የሚሉት፣ የሚቀቀለው ነው። መንገድ መሪው ሁለታችንንም ካየ በኋላ ሁለት ዱላ ቆርጦ ሰጠን። «አንዱን መልስ፣ ለእሷ ይበቃታል» አልኩት። ከአንድ ቁልቁለት በኋላ መልሼ ተቀበልኩት። አንድ ቦታ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ። አስያ ወደቀች ብላ ልታስወራ ነው፤ ተቀመጥኩ ነው። ጉልበቴን «አንተም የመጣኸው ልታይ ነው፣ ዝም ብለህ ውረድ» እያልኩ አወረድኩት።

ሁለተኛው ፏፏቴ ከጀርባው ዋሻ አለው። ውኃው ከፊትዎ ይወርዳል፣ እርስዎ ከኋላው ይቆማሉ። ከዚያ ትልቁ። ወደ መቶ ሜትር ነው ይላሉ። አንሶላ ይመስላል ብዬ ነበር፤ አይመስልም። አንሶላ ያልቃል። ይሄ አያልቅም። አስያ ሰዓቷን ስታይ ነበርና ሩብ ሰዓት ዝም ብለሻል አለችኝ። በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ ይመዝገብልኝ።

ወደ ሁለተኛው ፏፏቴ ዋሻ ግን መለስ ልበል። እዚያ ቆሜ ዓይኔን ጨፈንኩ። በእርስዎ ቦታ ልሁን ብዬ ነው። ከዚያ ከቦርሳዬ ወረቀትና ካርቶን አወጣሁ፤ ሌላ ሠርቻለሁ። ከዚህ በታች የለጠፍኳቸውን አምስት መስመሮች አንዴም ዓይኔን ሳልገልጥ ጣቴን በመስኮቱ ዳር ዳር እየሰደድኩ ጻፍኳቸው። አስያ ምስክር ናት። ያለምወርቅ፣ ወረቀቱን ለአባትሽ ስጪው፣ በዚያ በቀረችው ቀዳዳ መስመሩን ይየው።

*ድምፁ ከጆሮ አይገባም፣ ከእግር ነው የሚገባው።*
*ፊቴ ላይ የተቀደደ ጭጋግ ያርፋል፣ ቀዝቃዛ ነው።*
*የእርጥብ ድንጋይና የቅጠል ሽታ አለው።*
*አስያ በቀኜ ቆማ ልብሴን ይዛለች፣ እወድቃለሁ ብላ ፈርታ።*
*አልወድቅም። አሁንም እየጻፍኩ ነው።*

መስመሩ አልተደረበም። ቀጥ ብሏል። ሳሌም ዓይናችንን አስጨፍና እንዲህ ታስጽፈን ነበር። እጅ የሚሄደው በካርቶኑ ጠርዝ ነው፣ ዓይን ለጌጥ ነው። ከአልጋው ሥር ያውጡት።

ጠርሙሱን ሞልቼዋለሁ። በሥርዓት አልሞላሁትም፤ ጫማዬን አውልቄ ጉልበቴ ድረስ ገብቼ እየሳቅሁ ነው የቀዳሁት። ላዩ ላይ ወረቀት ለጥፌበታለሁ፣ ማንም እንዳያሳስትዎት በትልቁ ጽፌያለሁ፦ «የሲፒ ውኃ ነው። ጸበል አይደለም። አለምዘውድ ደርሳ የቀዳችው።» ፊትዎን ይታጠቡበት። ምንም አያድንም። የት እንደደረስኩ ግን በእጅዎ ይነኩታል።

ጠብታውን ግን ዛሬ ይጀምሩ። ጸበል ከፈለጉ እንጦጦ ቅርብዎ ነው፣ ሄደው ይጠመቁ፤ ጠብታዎንም ይዘው ይሂዱ፣ ቄሱን ይጠይቁ። የቀረችውን ቀዳዳ በእኔ ስም ከዘጉ ግን፣ ጋሼ፣ እኔ የለሁበትም። እኔ የሄድኩት ለማየት ነው። እርስዎም ያለዎትን ይዩ።

አለምዘውድ
(ከአምስቱ መስመር በቀር በተገለጠ ዓይን)

*

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለወይዘሮ አለምዘውድ፣

ጉዳዩ፦ ስለ ካርቶን

ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ለወይዘሮ አስያም አቅርቢልኝ፤ ትቅር ያልኩትን ቃል አንስቻለሁ።

ጠርሙሱ በትንሣኤ ሰሞን ደረሰ። እትዬ ገንዘቤ ተሳልማው ቤቱን ልትረጭ ስትነሳ ያዝኳት። «ጸበል አይደለም፣ ተጽፎበታል» አልኳት። «ማን ጻፈው?» አለች። «አለምዘውድ፣ በገዛ እጇ» አልኳት። ጠርሙሱን አስቀመጠችና «እንግዲያው ታማ አልነበረችም?» አለች። «ጤነኛ ናት። ልታይ ነው የሄደችው» አልኳት። እስካሁን ሊገባት አልቻለም። አምስቷን መስመር እየደጋገምን አነበብንላት። ስግደቱን አቁማለች።

ፊቴን ታጠብኩበት። ምንም ለውጥ አላየሁም። የወንዝ ሽታ አለው፣ ከታች ትንሽ አሸዋ አለው። አሸዋውን በጣቴ ነካሁት። ጠብታውን ጠዋትና ማታ አደርጋለሁ።

ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ያለምወርቅ አልነካችውም፤ ልታግዝ ስትመጣ አስወጥቻታለሁ። ባለፈው ሰኞ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ልጅ «ጡረታ ወጡ አልተባለም?» አለኝ። «ያለው ማን ነው?» አልኩት። አንድ ማመልከቻ ጻፍኩ፣ ለአንድ የቤት ኪራይ ጉዳይ ላለበት ሰው። ገባ። አልተመለሰም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ካርቶንሽ አሥር መስኮት አለው፣ ሁሉም ለጽሑፍ ነው። ለፊርማ የሚሆን የለውም። የእኔ ፊርማ ሰፊ ነው፣ አርባ አንድ ዓመት የታወቀ ነው፣ በጀማሪ መስኮት ውስጥ አይገባም። ሌላ ካርቶን ቁረጪልኝ፣ ከታች በስተቀኝ በኩል አንድ ሰፋ ያለ መስኮት ይኑረው። እስከዚያው ድረስ ይህን ያለ ፊርማ ልኬዋለሁ። የማን እጅ እንደሆነ ታውቂዋለሽ።